12 ግራም ሊጥ

የእህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኛ ቤት ሰነበተ። ቴሌቪዥን የመጣበትን ካርቶን ከፍቶ ውስጡ ያለውን ነጭ ፎም ሲያይ ዓይኑ በራ። በማግሥቱ ፎሙ አውሮፕላን ሆኖ ጠበቀኝ። እውነቱን ለመናገር አሠራሩ ያምራል፤ ለአካሉ 60 ሴንቲ ሜትር ሸምበቆ፣ ለክንፉ 60 በ12 ሴንቲ ሜትር ፎም፣ ከኋላ ደግሞ አንድ አግዳሚና አንድ ቋሚ ጭራ። ግቢ ወጣንና ወረወረው። አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ጥቂት ወጣ፤ አየር ላይ ቆም አለ፤ ከዚያ በጭራው በኩል ተንሸራትቶ ጽጌረዳው ውስጥ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ከብዶት ይሆን?» አለኝ።

«ክብደት ጎድሎት ነው» አልኩት። የቀለድኩበት መስሎት ዝም አለ።

እኔም በእሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበር የማስበው። የሚበር ነገር ቀላል መሆን አለበት፤ እየቀለለ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይበራል። ግማሹ እውነት ነው። ልጆች የሠሩትን አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ግን የክብደቱ ብዛት ሳይሆን ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ይህንን ለማሳየት ወደ ወጥ ቤት ገብተን ጭልፋ አወጣን።

ጭልፋውን በአንድ ጣት ላይ አግድም አስቀምጡት። መሀሉ ላይ ብትደግፉት በሾርባ መጨለፊያው በኩል ይወድቃል። ጣታችሁን ወደ መጨለፊያው እያስጠጋችሁ ስትሄዱ ግን አንድ ቦታ ላይ ጸጥ ይላል። በትምህርት ቤት ቋንቋ የስበት ማዕከል የሚባለው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ምድር እያንዳንዷን የጭልፋውን ቅንጣት ወደ ታች ትስባለች፤ የሁሉም ድምር ግን ልክ በዚያች በአንዷ ነጥብ ላይ እንደተሰበሰበ ሆኖ ይሠራል።

በመጥረጊያም ይሞከራል፤ እንዲያውም ልጆች ይሄኛውን ይበልጥ ይወዱታል። መጥረጊያውን በሁለት እጅ ሌባ ጣቶች ላይ ጫፍና ጫፉን አጋድሙትና ጣቶቻችሁን ቀስ እያላችሁ አቀራርቡ። ከየትም ብትነሱ ጣቶቻችሁ የሚገናኙት እዚያው ሚዛኑ ላይ ነው። ምክንያቱም ብዙ ክብደት ያረፈበት ጣት ፍትጊያው ስለሚበዛበት ይይዛል፤ የቀለለው ይንሸራተታል። የተንሸራተተው ወደ ሚዛኑ ሲጠጋ ደግሞ ሸክሙ ወደ እሱ ይዞርና እሱ በተራው ይይዛል። እንዲህ እየተፈራረቁ ይደርሳሉ። እዚያ ላይ አንድ ጥያቄ አስከተልኩ፦ መጥረጊያውን ልክ ሚዛኑ ላይ በመጋዝ ብንቆርጠው የትኛው ወገን ይከብዳል? «እኩል ናቸው» አለ ሳያስብ። አይደሉም። የመጥረጊያው ጭራ ያለበት አጭሩ ወገን ይከብዳል። አጭርና ከባድ፣ ከረጅምና ቀላል ጋር ይመዛዘናሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ እንመለስ፤ ወይም ከዚያ በፊት ትንሽ ወደ ጋሪ። ቢሾፍቱ ወይም ባሕር ዳር በፈረስ ጋሪ የተሳፈረ ሰው ባለ ጋሪው «እስቲ ጠጋ በሉ ወደ ፊት» ሲል ሰምቶ ይሆናል። ጋሪው ሁለት ጎማ ብቻ ነው ያለው። ተሳፋሪው ሁሉ ከጎማው ዘንግ ኋላ ከተቀመጠ ከፊት ያሉት ሁለት እንጨቶች ወደ ላይ ይነሱና ፈረሱን በሆዱ ጠፍር ያንጠለጥሉታል። ሁሉም ከፊት ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ያጎብጡታል። ባለሙያ ባለ ጋሪ የሚወደው ጭነቱ ጥቂት ብቻ ወደ ፊት ሲያደላ ነው። በአውሮፕላን ላይ ክንፉን እንደ ጎማው፣ ጭራውን እንደ ፈረሱ ቁጠሩት፤ ልዩነቱ ፈረሱ ከኋላ መታሰሩና አፍንጫው እንዳይደፋ ጭራውን ወደ ታች መጫኑ ነው።

ክንፍ አየሩ ላይ ሲሄድ ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል አለ። ድንገት ነፋስ አፍንጫውን ቢያነሳው ክንፉም ጭራውም አየሩን ይበልጥ በሰያፍ ስለሚያገኙት ተጨማሪ የማንሳት ኃይል ይፈጠራል። ጥያቄው ይህ ተጨማሪ ኃይል የት ላይ ያርፋል ነው። ክንፉ ብቻውን ከሆነ ከፊት ጠርዙ ተነስቶ የስፋቱ ሩብ አካባቢ ነው፤ ጭራ ሲጨመርበት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሞዴል ሠሪዎች ይህንን ቦታ ኒውትራል ፖይንት ይሉታል። የስበት ማዕከሉ ከዚህ ነጥብ ፊት ከሆነ ተጨማሪው ኃይል ከኋላ በኩል ስለሚያነሳ አፍንጫው ወደ ታች ይመለሳል፤ ማንም ሳይነካው ራሱን ያርማል። ከነጥቡ ኋላ ከሆነ ግን ያው ኃይል የተነሳውን አፍንጫ የባሰ ያነሳዋል። የተነሳው ይበልጥ ይነሳል፣ የወረደው ይበልጥ ይወርዳል። እንደ ፍላጻ ነው፤ ብረቱ ከፊት፣ ላባው ከኋላ። ገልብጣችሁ ብትወረውሩት አየር ላይ ተገልብጦ ብረቱን ያስቀድማል።

ነገሩ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ እ.ኤ.አ. በ1804 ከካይት ክንፍና ከበትር በሠራው ትንሽ ተንሸራታች ላይ ጭራው የሚስተካከል፣ አፍንጫው ላይ ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስ ክብደት ነበረው። ሰው በሞተር ከመብረሩ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ ቱይለሪ መናፈሻ ውስጥ በተጠማዘዘ ላስቲክ የሚሄድ ሞዴል አበረረ፤ የስበት ማዕከሉን ወደ ፊት አድርጎ ጭራውን ከክንፉ ባነሰ ሰያፍ ስላሰረው ያለ አብራሪ ሚዛኑን ጠብቆ ሄደ። ዘዴው አሁንም አብዛኛው የልጆች አውሮፕላን የሚሠራበት ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጭራው ወደ ታች የሚጫነው ኃይል ይዳከማል፣ አፍንጫው ይደፋል፣ ወደ ታች ሲሄድ ፍጥነት ይገዛል፤ ፍጥነት ሲገዛ ጭራው ይጠነክርና አፍንጫውን ያነሳዋል። ራይት ወንድማማቾች በተቃራኒው አግዳሚ ጭራቸውን ከፊት አድርገው ሚዛናቸውን ወደ ኋላ ስለተዉት አውሮፕላናቸው እንደ እልኸኛ በቅሎ አስቸገራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 በሁለተኛው አውሮፕላናቸው ላይ ከፊት ብረት አስረው በረሩ። ብረት! ለመብረር!

እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ እንሥራው። መጀመሪያ የክንፉን ስፋት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ለኩ። የእኛው 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ጭራ ላለው ተራ አውሮፕላን ጥሩ መነሻ ከፊት ጠርዝ ተነስቶ ከስፋቱ ሩብ እስከ ሲሶ ያለው ቦታ ነው፤ ለእኛ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር። መሀል ላይ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያዝንና በሁለቱም ክንፎች ሥር በእስክሪብቶ ምልክት አደረግን። ድንች ለሁለት ከፍለን ጠፍጣፋውን ወገን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን፤ በእያንዳንዱ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ ሰክተን ላጲሱን ወደ ላይ አደረግን። አውሮፕላኑ ምልክቶቹ ላጲሶቹ ላይ እንዲያርፉ ሆኖ ይቀመጣል። በጣትም ይቻላል፤ ጣት ግን ሳታውቁት ያግዛል፣ እርሳስ አያዳላም። ክንፉ ከአካሉ በታች የተሠራ ሞዴል ከሆነ ገልብጣችሁ ብትመዝኑት ይሻላል፤ ክብደቱ ከድጋፉ በላይ ከሆነ ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደ አይነበብም።

የእኛው ጭራውን ጥሎ ቁጭ አለ። እርሳሶቹን ወደ ኋላ እያስጠጋን ስንሞክር የቆመው ከፊት ጠርዝ 8.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ክብደቱ በኩሽና ሚዛን 60 ግራም። ይህ ማለት ሚዛኑን 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መሳብ አለብን።

ሒሳቡ የሦስተኛ ክፍል ነው፤ ልጁም ራሱ ሠራው። 60 ግራም በ5 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 300። አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ነገር ከምልክታችን 25 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። 300 ለ25 ሲካፈል 12። አፍንጫው ላይ 12 ግራም። በቃ። ክብደቱን አፍንጫውና ምልክቱ መካከል፣ 12.5 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ብናስቀምጠው ግን 24 ግራም ያስፈልግ ነበር። ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ መጥረጊያው ያለው ይህንኑ ነው። አፍንጫቸው አጭር የሆኑ ሞዴሎች አፍንጫቸው ውስጥ እርሳስ ብረት የሚሸከሙት ለዚህ ነው።

በዚሁ ስሌት ጭራው ላይ የሚደፋ ኮላ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይታያል። የእኛ ጭራ ከምልክቱ 32.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ጭራው ላይ የምትጨምሩት 1 ግራም አፍንጫው ላይ 1.3 ግራም ያስከፍላችኋል፤ አውሮፕላኑ 2.3 ግራም ከበደ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጠባ የሚጀመረው ከጭራ ነው። ፕላስተሩ አንድ ዙር ይበቃዋል፤ ሦስት ዙር ያዞረው የእኛ መሐንዲስ ሁለቱን እያጉረመረመ ላጠው። (ከላጠ በኋላ እንደገና መዝነናል፤ ከላይ ያሉት ቁጥሮች የኋለኛው ናቸው።)

ክንፉ አራት ማዕዘን ካልሆነስ? ሥሩ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ ለሆነ ክንፍ አማካይ ስፋት ይፈለጋል። ወረቀት ላይ አንዱን ክንፍ ሳሉት። ከሥሩ መስመር ከፊት በኩል የጫፉን ስፋት ያህል አስረዝሙ፣ ከጫፉ መስመር ደግሞ ከኋላ በኩል የሥሩን ስፋት ያህል። ሁለቱን አዲስ ጫፎች በሰያፍ አገናኙ። ይህ መስመር የሥሩንና የጫፉን መሀል ለመሀል የሚያገናኘውን መስመር በሚያቋርጥበት ቦታ ያለው ስፋት ነው የሚለካው። ጭራ የሌለው፣ ክንፍ ብቻ የሆነ ሞዴል ግን የተለየ ነው፤ የሚያግዘው ጭራ ስለሌለ ሚዛኑ ከሩቡ ፊት መሆን አለበት፤ ብዙዎች ከ15 እስከ 20 በመቶ ላይ ይጀምራሉ።

ባትሪና ሪሞት ያለው ሞዴል ለያዘ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የሚከብደው ዕቃ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንሸራትቱ፤ ተጨማሪ ክብደት የመጨረሻ አማራጭ ነው። በነዳጅ የሚሄድ ከሆነ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ መዝኑ። ታንኩ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ነው፤ ነዳጁ ባለቀ ቁጥር አፍንጫው ይቀላል፣ ሊያርፍ ሲል ሚዛኑ ወደ ኋላ የሄደ አውሮፕላን ደግሞ ማንም አይመኝም። የቀኝና የግራውንም አትርሱ፤ በአፍንጫና በጭራው ይዛችሁ ስታንጠለጥሉት የሚጋደል ከሆነ በቀለለው ክንፍ ጫፍ ላይ አንዲት መርፌ ብትሰኩ ይበቃል።

12 ግራሙን ከየት እናምጣው? ቤት ውስጥ ቅርብ የነበረው የዳቦ ሊጥ ነው። መዝነን፣ ድብልብል አድርገን፣ አፍንጫው ላይ ለጠፍነው። እርሳሶቹ ላይ ሲቀመጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ግቢ ወጣን። ሲወረወር አፍንጫው ትንሽ ደፋ ይበል፤ ወደ ላይ አይወረወርም፤ ኃይል አያስፈልገውም፤ ሣር ካለ ሣር ላይ። ጭራውን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ካጠፍነው በኋላ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ተንሸራትቶ አጥሩን ነካ። ልጁ የጮኸው ጩኸት ጎረቤት አስወጣ።

በዚህ አጋጣሚ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ከወደብ ከተማ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ይህ ሚዛኑን አይለውጠውም። ፍጥነቱን ግን ይለውጠዋል፤ ያው አውሮፕላን እዚህ ለመንሳፈፍ ወደ 12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። የቪዲዮ ትምህርት አይታችሁ «የነሱ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፣ የኛ ይቸኩላል» ካላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ከሁለት ቀን በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ያው አውሮፕላን፣ ያው ግቢ፣ ነፋስ የለም። ተወረወረ፣ አፍንጫውን አነሳ፣ ቆመ፣ ደፋ፣ እንደገና አነሳ፤ እንደሚያዞረው ሰው እየተወላከፈ ወረደ። ልጁ ጭራው ጠሞብኝ ይሆናል ብሎ ሊያጥፈው ሲል አስቆምኩትና እርሳሶቹ ላይ አስቀመጥነው። ጭራው ወረደ። ሊጡን አውጥተን መዘንነው፤ 8.5 ግራም። ማታ ማታ አውሮፕላኑ ምድጃው አጠገብ ነበር የሚያድረው፤ ሊጡ ደርቆ 3.5 ግራም ውኃ አየር ላይ ሄዷል። ስናሰላው ሚዛኑ ከ3.5 ሴንቲ ሜትር ወደ 4.8 ተንሸራትቷል። አሁንም አልተገለበጠም፤ ግን ጭራው ለድሮው ሚዛን የተስተካከለ ስለነበር ለአዲሱ በዛበትና ፍጥነቱን እየገደለ አቆመው። አየር ላይ ፍጥነት አልቆ ክንፍ አየሩን ከልክ በላይ በሰያፍ ሲያገኘው የማንሳት ኃይሉ ይወድቃል፤ ስቶል ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አፍንጫውን የሚያነሳ አውሮፕላን ሁሉ ጭራው የከበደ አይደለም። አፍንጫው ከመጠን በላይ ከብዶ፣ ያንን ለማካካስ ጭራው በጣም ወደ ላይ የታጠፈ ሞዴልም ያነሳል፤ በተለይ በኃይል ሲወረወር። ቀስ ተብሎ ሲወረወር ደህና፣ በኃይል ሲወረወር ወደ ላይ ተጠቅልሎ የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የተጋነነ የአፍንጫ ክብደትና የተጋነነ የጭራ እጥፋት ነው። ከአፍንጫው ጥቂት ቀንሱ፣ ጭራውንም አቅኑ። በሪሞት የሚያበርሩት ለዚህ ደህና ፈተና አላቸው፦ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ አስተካክለው ከፍ ካለ ቦታ አፍንጫውን ወደ ታች ያስደፉትና እጃቸውን ይለቃሉ። ቶሎ ቀና ካለ አፍንጫው ከብዷል፤ ቀስ ብሎ ከቀና ጥሩ ነው፤ ይባስ ብሎ ወደ ታች ከተጠቀለለ ሚዛኑ ወደ ኋላ ሄዷል። የመጨረሻው ሲታይ ቶሎ አንስቶ ማሳረፍ ነው።

ትልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የሻንጣው፣ የሰዉና የነዳጁ ክብደት ከነቦታው ተሰልቶ የስበት ማዕከሉ በክንፉ አማካይ ስፋት በመቶኛ ይጻፋል። በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ «እባክዎ ወደ ኋላ ወንበር ይዛወሩ» የሚባለው አስተናጋጇ ስለጠላችዎ አይደለም፤ የባለ ጋሪው ነገር ነው። ኮንኮርድ የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ከድምፅ ፍጥነት ሲያልፍ የክንፉ የማንሳት ኃይል ወደ ኋላ ስለሚሄድ ነዳጁን ከፊት ታንኮች ወደ ኋላ እየገፋ ሚዛኑን አብሮ ያንቀሳቅስ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2003 በአሜሪካ ሻርሎት ከተማ የተነሳ አንድ ትንሽ የመንገደኞች አውሮፕላን ግን አፍንጫው ተነስቶ አልመለስ ብሎ ወደቀ፤ የተሳፈሩት 21 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ምርመራው ያገኘው ሁለት ነገር ተደራርቦ ነው፦ የጭራው ገመድ በጥገና ወቅት በትክክል አልተስተካከለም፤ ጭነቱም ሚዛኑን ከሚፈቀደው በላይ ወደ ኋላ ወስዶት ነበር። በስሌቱ የገባው የመንገደኛ አማካይ ክብደት ሰዎቹ በእውነት ከሚመዝኑት ያነሰ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ቁጥሩን ከፍ አደረገው።

ወደ እኛው አውሮፕላን ስንመለስ፣ ሊጡን በሳንቲሞች ቀየርነው። ሳንቲም አይደርቅም። በሚዛኑ ላይ እያነሳን እየጣልን 12 ግራም ሞላንና በፕላስተር ጠቀለልነው፤ የሳንቲሞቹ ጠርዝ ፎሙን እንዳይበሳው መጀመሪያ በወረቀት።

በኋላ አንድ ቅዳሜ ቤት ስመጣ ጭራው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀብቷል፤ ያውም ደማቅ አድርጎ፣ በሁለቱም በኩል። አፌን ከመክፈቴ በፊት «አውቃለሁ» አለኝና ወደ ድንቾቹ ሄደ። ድንቾቹ በቅለው ነበር።